«ማልዲቭስ ለወሎ ልጅ አይሆንም» ላልከው ወንድማችን፣ ነጥብ በነጥብ

ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ሰዉ ሁሉ እየተቀባበለ የሚያነበው ፅሁፍ አለ፣ «ማልዲቭስ ለወሎ ልጅ አይሆንም» የሚል። ላላነበበው ባጭሩ፣ ፀሀፊው ሊያገቡ ላሰቡ ልጆች ምክር ነው ብሎ ነው የፃፈው፣ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለው የደሴቶች አገር ማልዲቭስ፣ ትንሽዬ ደሴት ላይ ያለ ሪዞርት ሄዳችሁ ብር ከምታቃጥሉ ይቅርባችሁ ይላል። ምክንያቶቹ፦ ቪዛ አይሰጡንም፣ ዋጋው አይቀመስም (ግን ርካሽ ክፍል ካገኛችሁ ችግር የለውም ይላል እዛው መልሶ)፣ ከኤርፖርት በታክሲ ሪዞርት መግባት ነው፣ ምግቡ ለሙስሊሙም ለፆመኛውም አይሆንም፣ በሁለተኛው ቀን ይሰለቻል፣ ደሴቱ እየሰመጠ ነው፣ ለውሃ ለውሃማ እዚሁ ደሴ አጠገብ ሀይቅ አለልን፣ የግድ ካላችሁ ደሞ ዛንዚባር ያው ነው።

ስራዬ ትኬት መቁረጥ ነው። ስለዚህ «ጥቅም ስላለህ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ፣ በሉ፣ ግን ከታች እንደምታዩት ግማሹ ምክሬ ብር የሚያስቀር እንጂ የሚያስወጣ አይደለም። ሄጄም አይቻለሁ። ወንድማችን የሳተው ዋናው ነገር ሪዞርቱን ልክ እንደ ፒያሳ ሆቴል አድርጎ ማሰቡ ነው። ፒያሳ ሆቴል ይዘህ ምግቡ ካልጣመህ ወጥተህ ማዶ ትበላለህ፣ ክፍሉ ካስጠላህ ሻንጣህን ይዘህ ሌላ ትፈልጋለህ። ማልዲቭስ ግን አሰራሩ አንድ ደሴት አንድ ሪዞርት ነው፣ የመጀመሪያው ኩሩምባ እ.ኤ.አ. በ1972 ከተከፈተ ጀምሮ በዚህ ነው የቀጠሉት። ማዶ የሚባል ነገር የለም፣ ማዶው ባህር ነው። ውሃውም፣ ምሳውም፣ ጀልባውም፣ የራስ ምታት ኪኒኑም ከዛው ሆቴል ነው የሚገዛው። ስለዚህ ጥያቄው ለወሎ ልጅ ይሆናል አይሆንም ሳይሆን የትኛው ደሴት፣ በምን ጀልባ፣ ምግቡ ተካቶ ነው ወይስ ሳይካተት የሚለው ነው፣ ክፍሉ የሚመጣው ከዛ ቀጥሎ ነው።

ቪዛውን ቶሎ ልለፈው፣ ምክንያቱም ባዶ ወሬ ነው። ማልዲቭስ ከሞላ ጎደል ለሁሉም አገር ዜጋ እዛው ኤርፖርት ሲደርስ የ30 ቀን ቪዛ በነፃ ነው የሚሰጠው። ኢትዮጵያዊ ነህ ብሎ የሚመልስህ የለም፣ መመለሻ ትኬት፣ የተያዘ ማረፊያና የሚበቃ ገንዘብ እንዳለህ ታሳያለህ፣ ከመድረስህ በፊት ባሉት 96 ሰአታት ውስጥ ደሞ ኢሙጋ የሚባለውን ፎርም በስልክህ ትሞላለህ፣ እሱም ነፃ ነው፣ ስለዚህ «ፎርም እናስሞላችኋለን» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁን ዝለሉት። ወንድማችን የረሳው ግን ቪዛ ሳይሆን ቢጫ ካርዱን ነው። እኛ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሆንን የክትባቱን ካርድ ይጠይቃሉ፣ ክትባቱ ደሞ ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚፀናው፣ እንደ ሰርግ ልብስ በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጥለት ነገር አይደለም።

አሁን ዋጋው። እዚህ ላይ ፀሀፊው ሁለት የማይገናኝ ነገር ነው የተናገረው፣ አንዴ አይቀመስም ይላል፣ አንዴ ደሞ ርካሽ ክፍል ፈልጉ ይላል። ርካሽ ክፍል ብሎ ነገር ደሴት ላይ ወጥመድ ነው ወዳጄ። በምሳሌ ላስላው፣ ክፍሉ በቀን 200 ዶላር ተብሎ ከጎኑ ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ ታክስና ሰርቪስ አልተጨመረም ማለት ነው። 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 220 ሆነ። በዛ ላይ የቱሪዝም ታክስ አለ፣ ከሀምሌ 2025 (በፈረንጅ) ጀምሮ 17 ፐርሰንት ገብቷል፣ ወደ 257 ተጠጋ። ከዛ ግሪን ታክስ የሚሉት አለ፣ ከጥር 2025 ጀምሮ እጥፍ ሆኖ ሪዞርት ላይ በሰው በሌሊት 12 ዶላር ነው፣ ለሁለት ሰው 24። ያ 200 ብላችሁ የሄዳችሁበት ክፍል 281 ሆኖ ቁጭ አለ፣ ገና ምሳ አልበላችሁም፣ ጀልባውንም አልከፈላችሁም። ስትመለሱ ደሞ በኢኮኖሚ ለሚበር የውጭ ዜጋ 50 ዶላር የመውጫ ታክስና ሌላ 50 ዶላር የኤርፖርት ልማት ክፍያ አለ፣ እሱ እንኳን ብዙ ጊዜ ትኬቱ ውስጥ ተካቶ ነው የሚመጣው።

ለዛ ነው ክፍል አወዳድራችሁ አትምረጡ የምለው። ባለ 200ው ክፍል ምግብ የሌለው ከሆነ፣ ባለ 300ው ደሞ ሶስት ጊዜ ምግብና ታክሱ ያለበት ከሆነ፣ ርካሹ ባለ 300ው ነው። እዚህ ላይ ለኛ ሰው የሚሆን አንድ ነገር አለ፣ ፈረንጆቹ የፃፉትን የሚያነብ ሁሉ «ኦል ኢንክሉሲቭ ያዙ» ይላል፣ ምግቡም መጠጡም ሁሉ የተካተተበት ማለት ነው። የኦል ኢንክሉሲቩ ዋጋ የሚንረው ግን በአብዛኛው በመጠጡ ነው፣ ቢራው፣ ወይኑ፣ ኮክቴሉ ምናምን። መጠጥ የማትጠጡ ባልና ሚስት ለምንድነው የሰው ዊስኪ የምትከፍሉት? ፉል ቦርድ በሉ፣ ሶስት ጊዜ ምግብ ማለት ነው፣ ውሃ ተካቷል ወይ ብላችሁ ደሞ በፅሁፍ ጠይቁ፣ አንዳንዱ ጋር ፉል ቦርድ ብሎ ምሳ ላይ ውሃውን ለብቻ ያስከፍላል፣ ይሄ ነገር ያናድዳል።

ስለ ወራቱም ፅሁፉ ትንፍሽ አላለም፣ እኛ ጋር ግን ሰርግ የሚበዛው ጥር ነው። ማልዲቭስ ደረቅና ፀሀያማ የሚሆነው ከፈረንጅ ዲሴምበር መጨረሻ እስከ ኤፕሪል ነው፣ አውሮፓዊው ሁሉ ብርዱን ሸሽቶ የሚጎርፈው ያኔ ነው፣ ዋጋው ጣሪያ የሚነካውም ያኔ ነው። ማለትም የጥር ሙሽራ በጣም ጥሩውን አየርና በጣም ውዱን ዋጋ አብሮ ያገኛል። ከፋሲካ በኋላ ግንቦት አካባቢ የሚያገቡት ደሞ ከደቡብ ምእራብ የሚመጣው ዝናብ ሲጀምር ይደርሳሉ፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ዝናቡ ግን እንደኛ ሀምሌ ቀኑን ሙሉ ላይሆን ይችላል፣ ወርዶ ወርዶ ፀሀይ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው፣ ነፋስና ሞገድ ግን አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥር አግብታችሁ በኖቬምበር ብትሄዱ ምን ይላችኋል፣ ጫጉላ ካላንደር የለውም።

«ከኤርፖርት ታክሲ ተከራክራችሁ ያዙ» የሚለው አሳቀኝ። ኤርፖርቱ ራሱ ሁልሁሌ የሚባል ደሴት ላይ ነው። ታክሲ አለ፣ አልዋሽም፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በተከፈተው ድልድይ ወደ ዋና ከተማው ማሌ፣ እንዲሁም ወደ ሁልሁማሌ ብቻ ነው የሚወስዳችሁ። ሪዞርት የሚኬደው ቅርብ ከሆነ በስፒድ ጀልባ ነው፣ ራቅ ካለ ውሃ ላይ በሚያርፈው ትንሽ አውሮፕላን፣ ወይ ደሞ በአገር ውስጥ በረራ ሄዶ ከዛ በጀልባ። የሚያዘጋጀው ሪዞርቱ ነው፣ ዋጋውንም የሚቆርጠው እሱ ነው፣ ክርክር የለም። የውሃ ላይ አውሮፕላኑ ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ ከክፍሉ የሶስትና አራት ሌሊት ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ሻንጣ ላይም ጥብቅ ነው፣ 20 ኪሎና በእጅ 5 ኪሎ ነው የተለመደው፣ የሙሽራ ሻንጣ ደሞ ታውቁታላችሁ።

ዋናው ግን ይሄ አውሮፕላን በቀን ብርሀን ብቻ ነው የሚበረው። ከኮምቦልቻ አዲስ፣ ከአዲስ ዱባይ ወይ ዶሀ፣ ከዛ ማሌ ብላችሁ ማታ ከደረሳችሁ በቃ ሁልሁማሌ ነው የምታድሩት፣ ተጨማሪ ሆቴል፣ ተጨማሪ ወጪ፣ ሪዞርቱ ላይ የከፈላችሁበት ሌሊት ደሞ ሳትተኙበት ያልፋል። አብዛኛው ሪዞርት በኛ አቆጣጠር ከሰአት ወደ 9 ሰአት ተኩል ሳይሞላ ማሌ መድረስ አለባችሁ ይላል። በኛ አቆጣጠር ስል አነጋገሩን ነው፣ ሰአታቸው ከኛ በሁለት ሰአት ይቀድማል፣ አንዳንድ ሪዞርት ደሞ ፀሀይ ለማራዘም ብሎ በራሱ ፈቃድ አንድ ሰአት ይጨምርበታል፣ ደሴት ውስጥ ሌላ ሰአት ማለት ነው፣ እንደደረሳችሁ ጠይቁ አለበለዚያ ቁርስ ያመልጣችኋል።

ምግብና ሀይማኖት ላይ ወንድማችን ሙሉ በሙሉ ነው የተገለበጠበት። «ሀላል አይገኝም» ይላል። ኧረ ወላሂ! ማልዲቭስ እስላም አገር ነው፣ ዜጋው በህገ መንግስቱ ሙስሊም ነው፣ አሳማም ሆነ መጠጥ በሻንጣ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱባችኋል። ሪዞርቶቹ ናቸው በልዩ ፈቃድ መጠጥም አሳማም የሚያቀርቡት፣ ለየብቻ ተለይቶ ተፅፎበት። ስለዚህ የሸዋ በር ልጅ ሚስቱን ይዞ ሄዶ ያለ ሀሳብ ይበላል፣ ያን ያህል እንኳን ተጠንቅቀው የሚጠይቁ ካሉ ሼፉን መጠየቅ ነው፣ ከኛ በላይ እነሱ ይጠነቀቃሉ።

ፆመኛው ጋር ነው ትንሽ ስራ ያለው። የአገሬው ቁርስ ማስ ሁኒ የሚባለው ነው፣ ቱናን ከኮኮናትና ከሽንኩርት ከቃሪያ ጋር ያሹትና ሮሺ በሚባል ቂጣ ይበሉታል፣ ለኛ ምላስ በጣም ቅርብ ነው፣ ቃሪያው ሀገር ቤት ያስታውሳል። ግን ቱና አሳ ነው፣ አሳ በፆም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አልከፍተውም፣ እሱን ከከፈትን ፅሁፉ አያልቅም። አሳም ለማትበሉ ቡክ ስታደርጉ «ቬጋን» ብላችሁ አስቀድማችሁ ፃፉ፣ ወተትም እንቁላልም ቅቤም የሌለው ማለት እንደሆነ ያውቁታል፣ ከህንድና ከስሪላንካ የመጡ ወጥ ቤቶች ስላሏቸው ምስር፣ ሽንብራ፣ ድንች በኮኮናት ወተት ይሰሩላችኋል። ሽሮ አትጠብቁ።

ይልቅ ፀሀፊው ሊያስጠነቅቅ ሲገባው ያላስጠነቀቀው አለ። የአገሩ ጉምሩክ ለአምልኮ የሚሆን ምስል ማስገባት ይከለክላል፣ ስለዚህ ስእለ አድህኖው ቤት ይቆይ፣ በአደባባይ ከእስልምና ውጪ ያለ አምልኮም አይፈቀድም። ይሄ የሚከብደው ሰው ካለ ከመክፈሉ በፊት ይወቀው። የአደንዛዥ እፅ ህጋቸውም ቀልድ አያውቅም፣ «ትንሽ ቅጠል ለመንገድ» የምትሉ ወንድሞቼ፣ በፍፁም።

ጭራሽ ብር ለሚቆጥብ ደሞ ፅሁፉ ያልነካው መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ነዋሪ ያለባቸው ደሴቶች ላይ ገስት ሀውስ ተፈቅዷል፣ ማፉሺ የሚባለው በጣም የታወቀው ነው፣ ከማሌ በስፒድ ጀልባ ከአንድ ሰአት በታች። 50 ክፍል ወይ ከዛ በታች ያላቸው ላይ ግሪን ታክሱ በግማሽ ነው፣ 6 ዶላር። ወጥታችሁ ሌላ ቤት መብላት ትችላላችሁ፣ አዛን ይሰማል፣ መጠጥ የለም፣ ሴቶቹ ተሸፍነው ነው የሚሄዱት፣ ፈረንጆቹ እንኳን በዋና ልብስ የሚሆኑት ተለይቶ በተከለለ ዳርቻ ነው። እህቶቻችን ብዙዎቹ ከሪዞርቱ ይልቅ እዚህ ነው የሚመቻቸው ብዬ ነው የማስበው። ሪዞርቱን ካላየን የምትሉ ከዛው ለአንድ ቀን ብቻ ከፍላችሁ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ፣ ፎቶውም ያው ፎቶ ነው።

«በሁለተኛው ቀን ይሰለቻል» ለሚለው፣ ይሄ ግማሽ እውነት አለው። ደሴቱ ትንሽ ከሆነ በሩብ ሰአት ዞራችሁት ትጨርሳላችሁ። ውሃ የማይወድ፣ ቡና ቤት ተቀምጦ አላፊ አግዳሚ ማየት የለመደ ሰው በእርግጥ ያብዳል። ግን ፀሀፊው የሚያወራው አሸዋው ላይ ስለ መቀመጥ ነው፣ የደሴቱ ውበት ያለው ውሃው ስር ነው! ደሴቶቹ በሙሉ የኮራል ሪፍ፣ ማለትም ትንንሽ የባህር እንስሳት የሰሩት ድንጋይ መሳይ ነገር ላይ የተቀመጡ ናቸው፣ አንዳንዱ ደሴት ላይ ሪፉ ከዳርቻው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው፣ ሀውስ ሪፍ ይሉታል፣ መነፅርና ቱቦ አድርጋችሁ ፊታችሁን ብቻ ውሃ ውስጥ ስትከቱ ያለው ነገር በቃል አይነገርም፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ባለ ሽንትር አሳ፣ ኤሊ። ፓሮትፊሽ የሚሉት ባለ ምንቃር አሳ አለ፣ ኮራሉን ሲግጥ ቀርጨጭ የሚለው ውሃ ውስጥ ይሰማል፣ የፈጨውን በኋላ አሸዋ አድርጎ ነው የሚያወጣው፣ ያ ሰው ሁሉ ተንጋሎ ፎቶ የሚነሳበት ነጭ አሸዋ ብዙው የአሳ ኩስ ነው፣ ይሄን ለሙሽሪት ከፎቶው በኋላ ንገሯት። ባ አቶል (አቶል የሚሉት ክብ ሰርተው የተደረደሩ የኮራል ደሴቶችን ነው) ውስጥ ደሞ ሀኒፋሩ የሚባል ቦታ አለ፣ አቶሉ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር፣ ማለትም የተጠበቀ የተፈጥሮ ቦታ ነው፣ ከሜይ እስከ ኖቬምበር ባለው ወቅት ማንታ ሬይ የሚባሉት ትላልቅ ባለ ክንፍ አሳዎች ተሰብስበው ይበላሉ። ዝናብ ነው ተብሎ ዋጋው በሚወርድበት ጊዜ ማለት ነው፣ ሀኒፋሩ ለማንታ ብሎ የሚሄድ ሰው ጥር ላይ ላያገኝ ይችላል።

«እኛ ዋና አንችልም» የሚል አለ፣ ልክ ነው፣ አብዛኞቻችን ቦርከና ላይ ከመንቦጫረቅ ያለፈ ዋና አናውቅም። ለዛ ነው ደሴት ምረጡ የምለው። ዋና ለማይችል ሰፊ ላጉን፣ ማለትም በሪፍ የተከለለ ረጋ ያለ ውሃ ያለው ደሴት ነው የሚሻለው፣ ሪፉ ሞገዱን ውጪ ይሰብረዋል፣ ብዙ ቦታ ላይ ውሃው ወገብ አይደርስም፣ እርጋታው ይገርማል። ትንንሽ ጥቁር ጫፍ ክንፍ ያላቸው ሻርኮች ቁርጭምጭሚታችሁ ጋር ሲያልፉ እንዳትሮጡ፣ ካልነካካችኋቸው አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይነኩም፣ እናንተን ነው የሚፈሩት። ሀውስ ሪፍ ያለው ደሴት ደሞ ዋና ለሚችል ነው፣ ከሪፉ ጫፍ በኋላ ገደሉ እንደ አዝዋ ገደል ጥልቅ ነው፣ በደሴቶቹ መሀል ባለው መተላለፊያም ሀይለኛ ጅረት አለ። ላይፍ ጃኬት በነፃ ይሰጣሉ፣ ማፈር የለም። እኛ ደገኞች የምንሸወደው ፀሀዩ ላይ ነው፣ ጥቁር ነን አያቃጥለንም ብለን ጀርባችን ይላጣል። ወባ ግን የለም፣ የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ከወባ ነፃ ብሎታል፣ ኮምቦልቻዎች ይሄን ታደንቃላችሁ፣ ዴንጌ ስላለ ግን የትንኝ መከላከያ ያዙ።

«ደሴቱ እየሰመጠ ነው» የሚለው ከሁሉም ቁምነገር ያለው ነጥብ ነው፣ ያነሳበት ምክንያት ግን አይሆንም። አገሩ በአማካይ ከባህር ወለል 1.5 ሜትር ገደማ ነው ከፍታው፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ለተቀመጠ ደሴ ይሄ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2009 የያኔው ፕሬዚዳንት ሞሀመድ ናሺድ ሚኒስትሮቹን ይዞ ባህር ስር ስብሰባ የተቀመጠው አለም ይስማን ብሎ ነው። ኮራሉም በ1998 እና በ2016 በውሃው ሙቀት በጅምላ ነጥቷል፣ ስለዚህ በጣም ያማረ ፎቶ ስታዩ መቼ የተነሳ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ያ ሪፍ ዛሬ አመድ ሊሆን ይችላል። ግን ይሄ በአስርት አመታት የሚቆጠር ነገር ነው፣ ለአምስት ቀን የሄደ ሙሽራ እግሩ ስር አይሰምጥበትም። የ2004ቱ ሱናሚ እዛም ከ80 ሰው በላይ ገድሏል፣ እውነት ነው፣ ከዛ በኋላ ህንድ ውቅያኖስ ላይ የማስጠንቀቂያ ስርአት ተዘርግቷል። የምር አሳቢ ከሆንን ኮራል ላይ አንቁም፣ ዛጎልና ኮራል በሻንጣ አንያዝ፣ መያዙ ክልክልም ነው።

ሀይቅን በተመለከተ እኔና ፀሀፊው ጠብ የለንም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ቅዳሜ ሄዶ አሳ በልቶ ማታ ቤት መግባት የመሰለ ነገር የለም፣ እስጢፋኖስ ገዳሙም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ከአቡነ ኢየሱስ ሞአ ጀምሮ ያለ ታሪክ ነው፣ ቦታው ራሱ ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብሱ ጋር ተያይዟል። ግን አዲስ ሙሽሮችን አብረው የማይገቡበት ቦታ ለጫጉላ ማቅረብ ምን አይነት ምክር ነው? ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም እኮ። ሎጁ ውስጥ ተቀመጡ ካለ ይሁን፣ ሀይቅን ሀይቅ ብለን እንሂድ፣ የባህር ምትክ አናድርገው።

የመጨረሻው፣ «ዛንዚባር ያው ነው»። አይደለም። ዛንዚባር ትልቅ ደሴት ነው፣ ዋናው ደሴት ኡንጉጃ ከጫፍ ጫፍ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ በቀጥታ ይበረራል፣ እዛ ነው እንግዲህ ታክሲ ተከራክራችሁ የምትይዙት፣ ከሪዞርት ወጥታችሁም መንደር ውስጥ ትበላላችሁ፣ ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌ ከተማ አለ። ስለዚህ የወንድማችን ምክር ግማሹ ዛንዚባርን እያሰበ የተፃፈ ይመስለኛል፣ ርካሽ ክፍል ፈልጉ ያለውም እዛ ቢሆን ያስኬዳል። ግን እዛም ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለሚገባ የውጭ ሰው ሁሉ 44 ዶላር የግዴታ ኢንሹራንስ አለ፣ ሌላ አገር የገዛችሁት አይተካውም። የምስራቁ ዳርቻ፣ እነ ፓጄ፣ ባህሩ ሲሸሽ በጣም ርቆ ነው የሚሄደው፣ ለሰአታት የሚዋኝበት ውሃ የለም፣ ሴቶቹ እዛ የባህር አረም ሲሰበስቡ ታያላችሁ። ስለዚህ ሆቴሉ ጋር ደውላችሁ ባህሩ በምትሄዱበት ሳምንት ስንት ሰአት ላይ እንደሚሞላ ጠይቁ፣ ይሄን የማይመልስ ሆቴል ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ፣ ዛንዚባር ላይ ሌላ አለ።